ጥቂት ቀናት በሆስፒታል፦ በብርቱ የአእምሮ ጭንቅ ውስጥ ለወደቁ ሰዎች የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ሕክምና

ከአገር ርቆ በሚኖር ቤተሰብ ላይ ከሚደርሱት ከባድ ሌሊቶች አንዱ፣ የቤቱ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ትቶ፣ «ከዚህ ሁሉ ሞት ይሻለኛል» ማለት የሚጀምርበት ሌሊት ነው። እናት ወይም ወንድም፣ ባል ወይም አብሮ አዳሪ ጓደኛ ስልኩን በእጁ ይዞ ይቆማል። ማንን ይጥራ? ፖሊስ ቢመጣስ? ሆስፒታል የገባው ሰው መቼ ይወጣል? ሥራውስ ምን ይሆናል? ነገሩ በማኅበረሰቡ ዘንድ ቢሰማስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚነጋባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መልሱ የሚገኘው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ላለው ሰዓት የተዘጋጀ የሕክምና ዓይነት አለ። ታካሚው ለጥቂት ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ፣ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተኝቶ ደኅንነቱ እየተጠበቀ ይታከማል።

የሕክምናው ዓላማ

የአጭር ጊዜ ቆይታ ሕመምን ከሥሩ ነቅሎ የመፈወስ ተስፋ አይሰጥም። ዓላማው አራት ነገር ነው፦ ሕይወትን ማትረፍ፣ ጭንቁ ከምን እንደመጣ መመርመር፣ መድኃኒት መጀመር ወይም የተጀመረውን ማስተካከል፣ ከሆስፒታል ውጭ የሚቀጥለውን ሕክምና ማዘጋጀት። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ይታሰርለታል፤ አጥንቱ የሚገጥመው ግን ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። የአእምሮ ሕክምናም በዚህ ረገድ ከዚያ አይለይም።

ወደ እንዲህ ያለው ክፍል የሚያስገቡ ሁኔታዎች የተለያዩ ናቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከዕቅድ ጋር ሲመጣ ወይም ሙከራ ሲደረግ፣ ድብርት በርትቶ ሰውዬው መብላትና መጠጣት ሲያቆም፣ ባይፖላር በተባለው ሕመም ሳቢያ ለቀናት ሳይተኛ ገንዘቡንና ራሱን ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማና በዚያ ድምፅ ሲታዘዝ፣ እናት ከወለደች በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት አእምሮዋ በድንገት ሲታወክ፣ እነዚህ ሁሉ አስቸኳይ ሁኔታዎች ናቸው። ኀዘን፣ ፍቺ፣ ከሥራ መባረር ወይም የስደት ውጣ ውረድም ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያልነበረበትን ሰው እዚህ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል።

ከዓመታት ቆይታ ወደ ቀናት

ብዙ ሰው «የአእምሮ ሆስፒታል» ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣበት የቀድሞው ሥርዓት ነው፤ ገብተው የማይወጡበት ቤት። ፍርሃቱ መሠረት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በዩናይትድ ስቴትስ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ550,000 በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለዓመታት የቆዩ ነበሩ። በዚያው ዘመን ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ሥራ ላይ በመዋሉ፣ ሳይኮሲስ የያዛቸው ሕሙማን ከሆስፒታል ውጭ መኖር የሚችሉበት መንገድ ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 የፈረሙት ሕግም ሕክምናው በየአካባቢው በሚቋቋሙ ማዕከላት እንዲሰጥ የታለመበት ነበር። ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ባዶ እየሆኑ ሄዱ። ቃል ከተገቡት የአካባቢ ማዕከላት ግን ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ፤ ጎዳና ላይ የወደቁና እስር ቤት የገቡ ሕሙማንም ጥቂት አልነበሩም።

ሕጉም አብሮ ተለወጠ። ኬኔት ዶናልድሰን የተባሉ አሜሪካዊ ከፈቃዳቸው ውጭ በፍሎሪዳ የመንግሥት ሆስፒታል 15 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተይዘው ከቆዩ በኋላ ያቀረቡት ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1975 በሰጠው ውሳኔ፣ ለሰው አደገኛ ያልሆነንና በራሱ ወይም ፈቃደኛ በሆኑ ዘመዶችና ወዳጆች ርዳታ በሰላም መኖር የሚችልን ሰው መንግሥት እንዲሁ ይዞ ማቆየት እንደማይችል አስታወቀ። በጣሊያን ደግሞ ከሐኪሙ ፍራንኮ ባዛሊያ ስም ጋር የሚነሣው እ.ኤ.አ. የ1978 ሕግ የአእምሮ ሆስፒታሎች ደረጃ በደረጃ እንዲዘጉ አድርጎ፣ በምትካቸው በጠቅላላ ሆስፒታሎች ውስጥ ከ15 አልጋ የማይበልጡ ክፍሎች እንዲከፈቱ አዘዘ። ዛሬ ሕጉ በየአገሩ ቢለያይም መርሁ ተቀራራቢ ነው፤ ቆይታው አጭር፣ ምክንያቱ የተገለጸ፣ ውሳኔው በዳኛ ወይም በገለልተኛ አካል የሚመረመር ሊሆን ይገባል።

በሩ፦ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል

በዩናይትድ ስቴትስ አብዛኛው ታካሚ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚደርሰው በድንገተኛ ክፍል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሜዲኬር የሚቀበልና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመጣውን ሰው ሁሉ እንዲመረምርና አስቸኳይ ሁኔታውን እንዲያረጋጋ ያስገድደዋል። የመክፈል ዐቅም፣ የኢንሹራንስ መኖር ወይም የዜግነት ሁኔታ ለዚህ መሰናክል አይሆንም። የአእምሮ ጭንቅም እንደ ልብ ሕመም ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ይጠቃለላል። ሕክምናው ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። ስለዚህም ከሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ስለ ሜዲኬድና ስለ ሆስፒታሉ የክፍያ ርዳታ ቀደም ብሎ መነጋገር ይጠቅማል።

በመጀመሪያ የሰውነት ምርመራ ይደረጋል። የታይሮይድ መታወክ፣ የስኳር መጠን መውረድ፣ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ወይም የአልኮል መመረዝ የአእምሮ ሕመም መስሎ ሊታይ ስለሚችል ደምና ሽንት ይመረመራል። ጫት፣ አልኮል ወይም ሌላ ዕፅ ተወስዶ ከነበረ ሳይደብቁ መናገር ለምርመራው ወሳኝ ነው። ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የሚፈራ ሰው አጠገብ ጠባቂ ይመደባል። ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ስለት ያለው ነገርና የስልክ ቻርጀር ይወሰዳሉ። ይህ ቤተሰብን ሊያስደነግጥ ይችላል፤ ቅጣት ግን አይደለም። ከዚያም የሥነ አእምሮ ባለሙያ መጥቶ ታካሚውን ያነጋግራል። ባዶ አልጋ እስኪገኝ ድረስ በድንገተኛ ክፍል ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት መጠበቅ በብዙ ከተሞች የተለመደ ችግር ነው።

በፈቃድ እና ያለ ፈቃድ

ታካሚው የሕክምናውን አስፈላጊነት ተቀብሎ ከፈረመ በፈቃዱ ገብቷል ይባላል። ሐኪሞች በተቻለ መጠን ይህን መንገድ ይመርጣሉ። በፈቃድ የገባ ሰው መውጣት ሲፈልግ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ሆስፒታሉም በየግዛቱ ሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወይ ያሰናብተዋል፣ ወይ አደጋ አለ ብሎ ካመነ ጉዳዩን ወደ ሕግ ይወስደዋል።

ሰውዬው ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ ከሆነ፣ ወይም ከሕመሙ የተነሣ ምግቡንና መጠለያውን እንኳ ማሰብ ካቃተው፣ ሕጉ ያለ ፈቃዱ ለአጭር ጊዜ ማቆየትን ይፈቅዳል። ጊዜው በየግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ የመጀመሪያውን ቆይታ በ72 ሰዓት ይገድባል፤ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ 14 ቀን ካስፈለገ ጉዳዩ በመስሚያ ችሎት መታየት አለበት። በኮሎራዶና በሚኒሶታም የመጀመሪያው ገደብ 72 ሰዓት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ 120 ሰዓት ሆኗል። በአንዳንድ ግዛቶች የሳምንቱ መጨረሻ ቀናትና በዓላት በቆጠራው ስለማይገቡ፣ «ሦስት ቀን» የተባለው በተግባር ከዚያ ሊረዝም ይችላል።

በእንግሊዝ የአእምሮ ጤና ሕጉ ክፍል 2 ለምርመራና ለሕክምና እስከ 28 ቀን ማቆየትን ይፈቅዳል፤ ለዚህም የሁለት ሐኪሞች ምስክርነትና የአንድ የተፈቀደለት ባለሙያ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ታካሚው ለገለልተኛ ዳኞች ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይችላል። በጣሊያን ያለ ፈቃድ የሚሰጥ የሆስፒታል ሕክምና በሁለት ሐኪሞች ሐሳብ አቅራቢነት በከንቲባው ይታዘዛል፣ በዳኛ ይጸድቃል፤ የሚቆየውም ሰባት ቀን ሲሆን ሊታደስ ይችላል። በጀርመን ያለ ዳኛ ትእዛዝ የተያዘን ሰው በተመለከተ ዳኛ እስከሚቀጥለው ቀን ማብቂያ ድረስ መወሰን ይኖርበታል።

በክፍሉ ውስጥ የሚውል ቀን

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብዙውን ጊዜ በሩ የተቆለፈ ነው። ታካሚዎች የየራሳቸውን ልብስ መልበስ ይችሉ ይሆናል፤ አንገት ወይም ወገብ የሚያስር ገመድ ያለው ልብስ ግን አይፈቀድም። ነርሶች በተወሰነ ጊዜ፣ በብዙ ሆስፒታሎች በየ15 ደቂቃው፣ ሌሊትም ጭምር እየዞሩ ታካሚውን ያያሉ። ጠዋት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛውና ሌሎች ባለሙያዎች ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ይመክራሉ። ቀኑ በመድኃኒት ሰዓት፣ በግል ውይይት፣ በቡድን ሕክምና፣ በእጅ ሥራና በእንቅስቃሴ ይከፋፈላል። የጉብኝት ሰዓት የተወሰነ ነው። የግል ስልክ ቢወሰድም በክፍሉ ስልክ ቤተሰብን ማነጋገር ይቻላል።

ስለ መድኃኒቱ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሳይኮሲስንና ከመጠን በላይ መቅበጥበጥን የሚያበርዱ መድኃኒቶች በቀናት ውስጥ ለውጥ ሊያሳዩ ይችላሉ። የድብርት መድኃኒቶች ግን ሙሉ ኃይላቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ። ስለዚህ ታካሚው ሲወጣ ገና ፊቱ ባይፈታ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም። ከአስቸኳይ አደጋ ጊዜ በቀር ታካሚው መድኃኒቱ ምን እንደሆነ የመጠየቅና ያለመቀበል መብት አለው፤ ሐኪሞች ያለ ፈቃዱ መስጠት ሲፈልጉ በየግዛቱ የተደነገገውን የሕግ ሥርዓት መከተል ይኖርባቸዋል።

ቋንቋና እምነት

የአእምሮ ሕክምና ዋና መሣሪያው ንግግር ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ በዚህ ክፍል ከሌላው ይልቅ አስፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግና እ.ኤ.አ. የ2010 የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲያስተረጉሙ ማድረግ፣ ከአጣዳፊ አደጋ በስተቀር፣ አይፈቀድም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አባት በልጁ አንደበት «መሞት እፈልጋለሁ» አይልም። አስተርጓሚው በሥጋ ወይም በማኅበር የሚታወቅ ሰው ከሆነ ታካሚው ሌላ እንዲመጣለት፣ ወይም ርቆ ካለ ሰው ጋር በስልክ እንዲነጋገር መጠየቅ ይችላል።

ትርጉሙ ቃል በቃል ብቻ ሲሆንም ስሕተት ይፈጠራል። አማርኛ ተናጋሪ ጭንቁን «ልቤን ይዞኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «መንፈሴ ታውኳል» እያለ ይገልጻል። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ የልብ ምርመራ ብቻ አዝዞ ሊመልሰው ይችላል። ዛር፣ ቡዳ ወይም መንፈስ መጥቀስም ከባህል የመጣ አነጋገር ይሁን ወይስ የሕመሙ ምልክት፣ ባህሉን ካላወቀ ሐኪም ይሰወራል። ቤተሰቡ «ይህ በእኛ ዘንድ የተለመደ አባባል ነው፤ ያኛው ግን ከእርሱ ሰምተነው አናውቅም» ብሎ መለየቱ ትልቅ ርዳታ ነው።

ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓና ቁርኣን ለብዙ ታካሚዎች የብርታት ምንጭ ናቸው፤ በሆስፒታልም የሃይማኖት አባት ማስጠራት ይቻላል። አደጋው የሚመጣው መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትን በተመለከተ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕክምናም ያው ምክር ይሠራል። ጾምም ለሐኪሙ መነገር አለበት። ለምሳሌ ሊቲየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ሊመርዘው ይችላል።

ምስጢርና ሥራ

እ.ኤ.አ. የ1996 የፌዴራል ሕግ የሕክምና ምስጢርን ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ደውሎ ሲጠይቅ ሆስፒታሉ ታካሚው እዚያ መኖሩን እንኳ ላይናገር ይችላል። ታካሚው ለማን እንዲነገር እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይህ ይቃለላል። ሐኪሞች መናገር ባይችሉ እንኳ መስማት ግን ይችላሉ። ቤተሰቡ ስለ ቀድሞ ሕመሙ፣ ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶችና ስለተናገረው ነገር ለሐኪሙ ቢነግር ሕጉ አይከለክልም።

ሥራን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ቢያንስ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራና የሥራ ሰዓቱን ላሟላ ሰው እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። ሥራውም ይጠበቅለታል። ፈቃዱ ታካሚን ለሚያስታምም የቅርብ የቤተሰብ አባልም ያገለግላል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ሳምንት

ከሆስፒታል መውጣት የደስታ ቀን ነው። ሆኖም ባለሙያዎች በአንድ ድምፅ የሚያሳስቡት ነገር ቢኖር፣ ራስን የማጥፋት አደጋ እጅግ ከፍ የሚልባቸው ጊዜያት ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ታካሚው ሳይወጣ በፊት የቀጠሮው ቀን መታወቅ አለበት፤ የተለመደው መለኪያ ቀጠሮው በሰባት ቀን ውስጥ እንዲሆን ነው። የመድኃኒቱ ማዘዣ በእጅ መኖሩንና ፋርማሲው መድኃኒቱን የያዘ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ብዙ ሆስፒታሎች ከታካሚው ጋር የደኅንነት ዕቅድ ይጽፋሉ። በዕቅዱ የሚሰፍሩት ጭንቁ መምጣቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች፣ ታካሚው ብቻውን ሆኖ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች፣ ሐሳቡን የሚያስቀይሩለት ሰዎችና ሥፍራዎች፣ ርዳታ የሚጠይቃቸው ዘመዶች፣ የባለሙያዎች ስልክ፣ በመጨረሻም ከቤት መራቅ ያለባቸው አደገኛ ነገሮች ናቸው። ይህ የመጨረሻው የቤተሰብ ድርሻ ነው። የጦር መሣሪያን ከቤት ማውጣት፣ የተከማቸ መድኃኒትን መቆለፍ ወይም ማስወገድ ሕይወት ያድናል። የከፋው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ ሰውዬውም በዚያ ሰዓት አደገኛውን ነገር በቀላሉ ካላገኘ የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል።

የሚመለሱትና የሚቀበላቸው አገር

በገልፍ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ይከብድባቸዋል። ከአሠሪ ቤት ውጭ ዘመድ የሌላት፣ ሰነዷ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሴት አእምሮዋ ሲታወክ ወደ ሐኪም የሚያደርሳት አይኖርም፤ ብዙዎችም ከነሕመማቸው ወደ አገር ይመለሳሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው፣ ከተመላሾቹ የሚቀበላቸው አሉ። አጋር ኢትዮጵያ የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበርም ከመካከለኛው ምሥራቅ ተጎድተው ለተመለሱ ሴቶች መጠለያና እንክብካቤ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ አገልግሎቱ ከአማኑኤል ውጭ ወደሌሎች ሆስፒታሎችም እየተዳረሰ ነው።

የት ይደወላል?

በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ደዋዩ «አምሐሪክ» ብሎ ቋንቋውን ቢናገር በስልክ አስተርጓሚ ሊቀርብለት ይችላል። በካናዳም ቁጥሩ 988 ነው። በብሪታንያ የሳማሪታንስ ማኅበር 116 123 ሲሆን፣ በእንግሊዝ 111 ደውሎ የአእምሮ ጤና ምርጫን መከተልም ይቻላል። በጀርመን 0800 111 0 111፣ በአውስትራሊያ 13 11 14 ነው። ሕይወት አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ የአገሩ የድንገተኛ ቁጥር ይቀድማል፦ በአሜሪካ 911፣ በብሪታንያ 999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112።

911 የሚደውል ሰው ጉዳዩ የአእምሮ ሕመም መሆኑን፣ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፣ ታካሚው የሚናገረውን ቋንቋ ከሁሉ አስቀድሞ ይግለጽ፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሠለጠነ ፖሊስ እንዲላክም ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሜምፊስ የተጀመረው ይህ ሥልጠና ዛሬ በብዙ ከተሞች አለ። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ያለ ፖሊስ ወደ ቤት የሚመጣ የባለሙያዎች ቡድን ስላለ 988 ላይ መጠየቁ ይበጃል።

«ራስህን ለመግደል አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ አይተክልም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ሸክም እንዲያወርድ በር ይከፍትለታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል የአካልን ሕመም ከአእምሮ ሕመም አልለየም። በዚያ ከባድ ሌሊት ስልኩን ይዞ ለቆመው ቤተሰብም የመጀመሪያው እርምጃ ይህን ጥያቄ መጠየቅ፣ ቀጥሎም መደወል ነው።